ከደብረ ሊባኖስ እስከ ጢስ ዓባይ፦ በመስከረም ፏፏቴ ፍለጋ

ከመነሳታችን በፊት

ጢስ ዓባይን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በየካቲት 1999 ዓ.ም. ነበር። ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር በሚኒባስ ወጣን፤ አንድ ሰዓት ያህል አቧራ ስንቅም ቆይተን የደረስንበት ግን ሰፊ ጥቁር ገደልና ከገደሉ በአንዱ ጥግ እንደ ቧንቧ ውሃ የሚወርድ ቀጭን ጅረት ነበር። ይመራን የነበረው ልጅ ፊታችንን አይቶ «ውሃው ተርባይን ውስጥ ነው» አለን። የቀለደ መስሎን ሳቅን። ልጁ ግን እውነቱን ነበር።

ለ2010 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር የፏፏቴ ጉዞ ስናቅድ፣ ፈቃድ የማገኘው በገና ሰሞን በመሆኑ ያንኑ ጊዜ ሐሳብ አቀረብኩ። አማቴ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ቡናቸውን አስቀምጠው «በጥር ሄዳችሁ ድንጋይ ልታዩ ነው?» አሉኝ። እሳቸው የዳንግላ ሰው ናቸው፤ ባሕር ዳር ተማሪ ሳሉ በ1953 ዓ.ም. ጢስ እሳትን፣ ማለትም የጢስ ዓባይን ፏፏቴ፣ አይተው ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ክርክሩ ብዙም አልቆየም። አለቃዬን ለምኜ ፈቃዴን ወደ መስከረም አዛወርኩ።

የትኛው ፏፏቴ ይሻላል በሚለው ላይ ግን አንድ ሳምንት ተነጋግረናል። የባለቤቴ ወንድም መቱ አጠገብ ያለውን የሶርን ፏፏቴ ይፈልግ ነበር፤ ሆኖም ለአምስት ቀን ፈቃድ መንገዱ ይረዝማል። የወላይታው አጆራም ተነሥቶ ነበር፤ መንትያ ፏፏቴ ነውና እኔን አጓጉቶኛል፣ ለሌላ ዓመት አቆየነው። የአዋሹ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት ስለሆነ እንደ ጉዞ አልቈጠርነውም። በመጨረሻ ጎጃም አሸነፈ፤ በመንገዱ ላይ ከአንድ በላይ ፏፏቴ አለበት፣ አባባም አገራቸውን ያያሉ። ለአራት ሰው 9,000 ብር መደብን፤ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ክሪክ፣ የተነፋ ስኮርታ ጎማና አንድ ጋቢ ጭነን አሮጌዋን ቪትዛችንን አዘጋጀን። ፍሬኑን አላስፈተሽኩም። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ኀሙስ፣ መስከረም 18 ቀን 2010 ዓ.ም. — ደብረ ሊባኖስ፣ የዓባይ በረሃ፣ ደብረ ማርቆስ

በመስቀል ማግስት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ስንደርስ ጉሙ የመኪናውን መብራት ዋጠው፤ ጫንጮ ላይ ሲገለጥ ሜዳው በሙሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ታየ። እዚያው ቆመን እርጎ ጠጣን፣ አንዱ ብርጭቆ 15 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ ያኔ በዚህ ዋጋ እንዲህ የረጋ እርጎ ይገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወደ ደብረ ሊባኖስ ታጠፍን። ገዳሙን ተሳልመን፣ ወደ ላይ ተመልሰን፣ ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ እያለ ወደሚጠራው የድንጋይ ድልድይ በእግር ወረድን። መሪያችን የሆነው ልጅ 50 ብር ተስማምቶ ድልድዩ በኖራና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት መሠራቱን ነገረን። ያሠሩት ፖርቱጋሎች ሳይሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ራስ ዳርጌ ናቸው የሚለው ታሪክ የበለጠ እንደሚታመን ብነግረው፣ «እንግዶች ፖርቱጋልን ነው የሚወዱት» ብሎ መለሰልኝ። መልሱ ስለሚገባኝ አልተከራከርኩም።

ድልድዩ ሥር የሚያልፈው ጅረት በበጋ ልጅ የሚሻገረው ነው። በዚህ ቀን ግን ቡናማ ሆኖ እየተገለባበጠ ሄዶ ከገደሉ አፋፍ ላይ ድንገት ይጠፋል። ወድቆ ሲያርፍ አይታይም፤ ከታች የሚመለሰው ድምፅና ቀዝቃዛ እንፋሎት ብቻ ነው። ከሣሩ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሥሩን በጣታቸው እየነቀሉ ይበላሉ፤ ከእኛ አምስት እርምጃ ርቀው ሳለ እንኳ ቀና ብለው አላዩንም። አባባ አፋፉ አጠገብ ሆነው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ይሄ ገና ማማሟቂያ ነው» አሉ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም በዚህ ጉዞ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትርጉም የለውም። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ይወጣል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ተኮማተረ ምንጣፍ ተጨማድዷል፤ በአንዳንድ ቦታ የቀኙ ጎማ ከግራው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይሄዳል። ይነዳ የነበረው የባለቤቴ ወንድም ነበር። በማርሽ ከመያዝ ይልቅ ፍሬኑን ረግጦ ይወርድ ስለነበር ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ቀጥሎም ከፊተኛው ግራ ጎማ ነጭ ጭስ ወጣ። ዳር ይዘን ቆምን። አንድ ሲኖትራክ የሚነዳ ሰው ከጀርባችን ቆሞ ወረደና፣ ውሃ ልናፈስበት ስንል እጃችንን ያዘ፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ እንደሚሰነጥቀው፣ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ መድኃኒቱ ነገረን። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ መሪውን እኔ ያዝኩ፤ በ«ኤል»፣ ማለትም በዝቅተኛው ማርሽ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳንፈጥን ታች ደረስን።

ታች አየሩ ቆላ ነው፤ የጫንጮን ብርድ ረሳነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ አገልግሎት የጀመረው የህዳሴ ድልድይ በገመድ ተወጥሮ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ቆሟል። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ዓባይ ከሥሩ እንደ ፈሰሰ ሻይ በወተት ሆኖ ያልፋል፤ ነገ ከነገ ወዲያ የምናየው ፏፏቴ ውሃ ከብዙ ቀን በኋላ እዚህ እንደሚደርስ እያሰብኩ ሽቅቡን ጀመርኩ።

ደብረ ማርቆስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ክፍሉ 350 ብር፣ ሙቅ ውሃ «ጠዋት ይመጣል» የተባለ፣ ጠዋት ያልመጣ። ጥብሱ ግን 90 ብር ሆኖ በሸክላ የመጣ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።

ዓርብ፣ መስከረም 19 — ዘንገና፣ ፋንግ፣ እንጅባራ

ጾም ነውና ቁርሳችን ሽሮ ፍትፍት ሆነ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ የምጽፈው የለኝም። ቡሬ ላይ ግን ሴቶች በመንገድ ዳር ከሰል አንድደው የበቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር፤ አንዱን በ5 ብር፣ ገና ከማሳ የመጣ። ስድስት በላን። ባለቤቴ ከከሰሉ ላይ እየተቀበለች ቅጠሉን ስትገፍ ጣቷን አቃጠለችው፤ ሻጯ ራሷ ሳቅ እያለች ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችላት።

ከቡሬ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ብርዱ ይመለሳል፣ ከመንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይሸጣል፤ አዊ ዞን ገባን ማለት ነው። እንጅባራ ከመድረሳችን በፊት ዘንገና ሐይቅን ለማየት ወረድን። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከብቦት ከመንገዱ ቢቀርብም እስክትደርስበት ድረስ መኖሩን አትጠረጥርም። ውሃው አይንቀሳቀስም። ከትላንት ጀምሮ የሚጮህ ውሃ ብቻ ስንፈልግ ስለነበር ይህ ዝምታ እንግዳ ሆነብን፤ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ቆየን።

ወደ ፋንግ ፏፏቴ ስንሄድ ዝናቡ ጀመረ። አዊ ውስጥ መስከረም 19 ክረምት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ጠራ ብሎ ማቀድ ስሕተት መሆኑን እዚህ ተማርኩ። መኪናውን ትተን በእግር ስንወርድ ጭቃው ቀይና የሚያጣብቅ ሆነ፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ የባለቤቴ የስፖርት ጫማ ሶል ከፊት እስከ መካከል ተላቀቀ። አብሮን የነበረ እረኛ ልጅ ከጅራፉ ገመድ ቆርጦ አሰረላት። ሲገፉት የሚንሸራተት፣ ሲጎትቱት የሚይዝ መንገድ ነበር፤ አባባ ዱላቸውን ተክለው ከሁላችንም ቀድመው ደረሱ።

ፋንግ ትልቅ አይደለም፤ ትልቅነት ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። ውሃው ከጥቁር ዐለት ላይ ተሰብስቦ ይወርድና ከሥሩ ያለውን ቅጠል ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ውበቱ ቅርብነቱ ነው። እጅህን ብትዘረጋ ፍንጣሪው ይነካሃል፤ አጠገቡም ትኬት የሚቆርጥ፣ ዕቃ የሚሸጥ፣ አጥር የሠራ ማንም የለም። ያየነው ሰው ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ የመጣ አንድ ገበሬ ብቻ ነበር። ስለ ፈረሱ ስንጠይቀው ፊቱ በራ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ እንደሚጋልበው፣ በዚያ ቀን እንጅባራ ፈረስ እንጂ ሰው እንደማይታይባት ነገረን።

እንጅባራ ገበያ ላይ ለባለቤቴ በ60 ብር ኮንጎ ጫማ ገዛን። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት በኮንጎ እንደምትሄድና እንዳፈረችበት እያወራች አደረገችው። እስከ ጉዞው መጨረሻ ድረስ ከእኛ ውስጥ እግሩን ያልተመታ፣ ያልተንሸራተተም እሷ ብቻ ነበረች።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ፣ በተለይ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ኮረብታው ሁሉ በወጣት ዛፍ ተሸፍኗል፤ ዲከረንስ የሚባለው ግራር ነው። ገበሬው ተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል፤ የከሰል ከረጢት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። አባባ በመስኮት እያዩ «ይሄ ሁሉ ዳጉሳ ነበር» አሉ። የአዲስ አበባ ከሰል ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም ነበር። ዳንግላ ላይ ዘመድ ቤት ለሃያ ደቂቃ ልንገባ ቆመን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፤ ጠላው ጠጡ፣ ቡናው እስከ በረካ ጠጡ፣ ዓርብ ባይሆን በግ ይታረድ ነበር ተባልን።

ባሕር ዳር ማታ 2 ሰዓት ላይ ስንደርስ በስልክ በ500 ብር የተስማማንበት ሆቴል «የበዓል ሰሞን ነው» ብሎ 650 ጠየቀን። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለእንግዳ ተቀባዩ ወጣት «ልጄ፣ ቃልህ ስንት ነው?» አሉት። 500 ከፈልን። እራት ዓሣ ሲቀርብ የባለቤቴ ወንድም ዓሣ ጾም የለውም ብሎ በላ፤ አባባ ግን አልነኩትም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 20 — ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ በ1999 አቧራ የነበረው መንገድ አሁን ጭቃ ነበር። 1 ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ ግማሹን እንዳለፍን ቪትዟ የጭነት መኪና ጎማ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ገብታ ሆዷ መሬት ነካ። የሚገርመው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሰባት ወጣቶች ድንጋይና እንጨት ይዘው ብቅ ማለታቸው ነው። የሥራ ቦታቸው ይሄ ቦይ እንደሆነ ገባን። 300 ጠየቁ፣ በ150 ተስማማን፤ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሲያስገቡ፣ አንዱ ወደ ሹፌሩ መስኮት መጥቶ «ነዳጅ አትስጠው፣ ቀስ» እያለ ሲመራኝ ሙያ እንዳላቸው አየሁ። ስንወጣ ድንጋዮቹን መልሰው ከቦይ ሲያወጡም አየሁ።

ከተማው ላይ ትኬት ቈርጠን፣ ወንዙን በጀልባ ተሻግረን በጫትና በበቆሎ ማሳ መካከል መሄድ ጀመርን። ከጀልባው ወርደን አሥር ደቂቃ እንደሄድን አንዳችን ለሌላው መናገር መጮኽ እንደሚፈልግ አስተዋልን። ከዚያም ዝናብ የመሰለ ነገር ፊታችንን ነካ፤ ሰማዩ ግን ጠርቶ ነበር። ከኮረብታው ጫፍ ላይ ስንወጣ ፏፏቴው በሙሉ ታየን።

በ1999 ያየሁት ገደል መሆኑን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል። ያ ጥቁር ድንጋይ የለም። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ውሃ ብቻ ነው፤ ሙላቱ ሲደርስ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፣ ውድቀቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል ይባላል፤ ውሃው ከላይ ሲነሣ ቡናማ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ነጭ፣ ታች ሲመታ ጢስ ነው። ጢሱ ከገደሉ በላይ ተመልሶ ይወጣል። ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትገባበት ሁለት ቀስተ ደመና፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ወጡ።

አባባ ከሸሚዝ ኪሳቸው የተጨማደደ አንድ ብር አውጥተው ጀርባውን ገልብጠው ከፏፏቴው ትይዩ ያዙት። ከአንድ ብሩ ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል ጢስ እሳት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንቱ ሰው ግን አጠገብ አስቀምጦ እንዳነጻጸረ እንጃ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሥዕሉና ገደሉ አልገጥም አሏቸው። «በ53 ከዚህ ይበልጥ ነበር» አሉ፤ ቆየት ብለውም «ወይም እኔ ትንሽ ነበርኩ» ብለው ጨመሩ።

እውነቱ ከሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። አባባ ባዩት ጊዜ ከፏፏቴው በላይ ውሃ የሚጠልፍ ምንም አልነበረም። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን ትንሽ ነበር፤ 11 ሜጋ ዋት ያህል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጫራ ጫራ ላይ የውሃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በ1999 የኔን ፏፏቴ የጠጣው እሱ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ በሌላ ወገን በዋሻ አድርጎ ነው። ስለዚህ በበጋ ጢስ ዓባይ ምን ያህል ውሃ እንደሚያገኝ የሚወስነው የበር መክፈቻ ነው። በመስከረም ግን ዝናቡ ከበሩ ይበልጣል። በዚህ ላይ ቅሬታ አላቀርብም፤ ቤቴ ያለው መብራት ከዚያ መጥቷልና። ይሁን እንጂ ትኬት የሚቈርጠው ሰው በየካቲት ለሚመጣ ጎብኚ «ዛሬ ውሃ የለም» ብሎ ቢነግረው ጨዋነት ነው እላለሁ።

በመመለሻችን በአላታ ድልድይ በኩል ዞርን። ይህኛው በእርግጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፤ ከደብረ ሊባኖሱ ጋር ሲተያይ ድንጋዩ የበለጠ የጠቆረ፣ ከሥሩም ያለው ገደል ጠባብና ጥልቅ ነው። አንዲት ልጅ በራሷ ላይ ማድጋ ተሸክማ፣ እኛ ግድግዳውን ይዘን የምንሄድበትን ድልድይ ስልኳን እያየች ተሻገረችው።

እሑድና ሰኞ፣ መስከረም 21 እና 22 — መመለስ

እሑድ የግሼን ማርያም ዕለት ስለነበር ከተማው ከንጋት ጀምሮ ነጠላ ለብሶ ነበር። አባባን ቤተ ክርስቲያን አድርሰን፣ እኛ ጣና ዳር ቡና ጠጥተን፣ 6 ሰዓት ላይ ተነሣን። ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች እንጨት ጭነው ሲመጡ ማየት ለአንድ ሰዓት ይበቃል፤ ገዳማቱ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ይፈልጋሉ። ሌሊቱን ደብረ ማርቆስ፣ እዚያው ሆቴል አደርን፤ ሙቅ ውሃው አሁንም ጠዋት የሚመጣ ነበር።

ሰኞ በረሃውን ከደጀን ወገን ስንወርድ መሪውን ከኔ እጅ ማንም አልጠየቀም። በማርሽ ብቻ ወርደን፣ ታች ሳንቆም ተሻግረን፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ምሳ በላን። አዲስ አበባ 10 ሰዓት ላይ ገባን። ወጪያችን ነዳጅ፣ ማረፊያ፣ ምግብና ቦይ ውስጥ የገባው 150 ብር ተደምሮ 8,300 ብር ሆነ።

ማክሰኞ መካኒኩ ጋ ወሰድኳት። ፊተኛውን ግራ ጎማ ፈትቶ የፍሬኑን ሸራ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ከብረቱ ላይ የቀረው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነበር፣ እሱም ተሰነጣጥቆ። ሁለቱንም ጎን ለመቀየር 1,400 ብር ጠየቀኝ፤ ከመደብነው 9,000 ብር ያለፍነው ያን ጊዜ ነው።

ሸራውን መኪናው ውስጥ ትቼው ኖሮ፣ አባባ አንሥተው አገላብጠው አዩትና የሲኖትራኩን ሹፌር ስልክ ለምን እንዳልተቀበልኩ ጠየቁኝ።